ስልሳ አንድ ቋጠሮ

እኔ ነኝ ጸሐፊው፣ የአፎሻው መዝገብ ያዥ፣
ባለ ስክሪብቶ ነኝ፣ ስኳር በዱቤ ገዥ።
ከዴዶ ቁልቁለት፣ ጭጋግ ከሚተኛበት፣
ምንጭ ነበረን አንድ፣ ከብት የሚጠጣበት፤
እኛም ከከብቱ ኋላ ወረፋ ጠብቀን፣
አረፋውን ገፍተን፣ አልቅቱን ለቅመን
እንቀዳ ነበር፤
ልጅ ሆዱን ሲያመው «ጥርሱ ነው» ስንል፣
«ጥርሱ ነው» ስንል ስንቀብር።

አንድ በጋ ነጭ መኪና መጣ።
የወረዱት ሰዎች ለኩ፣ ጠየቁን፣ ፎቶ አነሱን፤
ታፔላ ተከሉ፦ «የንጹሕ ውሃ ፕሮጀክት»፣
የሚጀመርበት ቀን፣ የሚያልቅበት ቀን።
ሁለቱም ቀን መጣ፤ ሁለቱም አለፈ።
ታፔላው ግን ጠቀመን፣ ሐሰት አልናገርም፦
«ከታፔላው ወደ ግራ» እያልን እንግዳ መራንበት።

የረቢያን ሦስተኛ ልጅ ቀብረን በተመለስን ማግስት
አፎሻው ተሰብስቦ ስለ ድንኳን ኪራይ ሲከራከር፣
ሲቲና ከሴቶቹ መሃል ተነሣች።
«ለሞተ ስናዋጣ አረጀን» አለች፤
«ለሚጠማውስ መቼ ነው?»
ዝም አልን። ዝም ብለን ቆየን።
ከዚያ አባ ጨብሳ ጉሮሮውን ጠረገና
«አሸዋው በኔ በቅሎ» አለ።
ጻፍኩ።

እንዲህ ነው የጀመርነው።
የማር ጣሳ ሂርማታ ወርዶ ሲሚንቶ ሆኖ ተመለሰ፤
ለዓረፋ የተቀለበ ሙክት ቧንቧ ሆነ፤
ዳልኬ ግንበኛው፣ ከዳውሮ መጥቶ በሰው ማሳ የሚያድረው፣
«መሬት የለኝ፣ ከብት የለኝ፤ እጄን ጻፍልኝ» አለኝ።
ጻፍኩ፦ እጅ፣ ሁለት።

ሲቲና ፊደል አታውቅም።
አንድ ቤት በከፈለ ቁጥር
በቃጫ ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች፤
ገመዱን ከወገቧ አትፈታም፣
ስትቆፍርም፣ ስትሰግድም።

በክረምቱ ቆፈርን፤ ጭቃው እስከ ጉልበት፣
አለቱ እምቢ ሲል እሳት እያነደድንበት።
ሁለቴ ተጣላን፤ ሁለቴ ሥራው ቆመ፤
ሁለቴም ሴቶቹ አካፋ ይዘው ሳይጠሩን ሲወጡ
አፍረን ተከተልናቸው።

እኔስ?
እኔም ጻፍኩ ስሜን፣ ከዝርዝሩ መጨረሻ፦
«ሁለት መቶ ብር። ተከፍሏል።»
አልከፈልኩም።
የሚጽፈውን ሰው ማን ይጠይቀዋል?

ውሃው ሊለቀቅ ዋዜማ፣ ሂሳብ ይነበብ ተባለ።
አነበብኩ። ስልሳ ሁለት ቤት አልኩ።
ሲቲና በገመዷ ላይ በጣቶቿ ሄደችበት፤
ጨርሳ ዳግም ከጫፉ ጀመረች።
ስልሳ አንድ።
«እኔ መሃይም ነኝ» አለች ጮክ ብላ፣
«ተሳስቼ ይሆናል፤ ማታ እቆጥረዋለሁ።»
ወደ እኔ ግን አልዞረችም።

አለመዞሯ ነው የገደለኝ።
ሌሊቱን ራዲዮኔን አቅፌ ቁልቁለቱን ወረድኩ፤
የዱቤውን ባለ ሱቅ ከእንቅልፉ ቀስቅሼ፣
ያለብኝን ቀንሶ መቶ ሰማንያ ሰጠኝ፤
ሃያውን ለልጄ ጫማ ካኖርኩት።
ሲነጋ ደጇ ቆሜ ብሩን ዘረጋሁ።
ተቀበለች። ቆጠረች። ገመዱን ከወገቧ ሳበች።
ቋጠረች።
«መሽቶብህ ነበር» አለች፤
ሌላ አላለችም።

ታፔላው ዛሬ የምንጩ ሳጥን ክዳን ነው፤
ጽሑፉን ወደ ውስጥ አዙረን ገጠምነው፣
ውሃው ያንብበው ብለን።
ቦኖው ያንጠባጥባል። ወረፋው ላይ ይሰዳደባሉ።
ቁልፉ ረቢያ ዘንድ ነው፤
ጠዋት ስትከፍት መጀመሪያ እጇን ታስነካዋለች፣
ለረጅም ጊዜ፣ ምንም ሳትቀዳ።
የዚህ ወር መዋጮ ከሁለት ቤት ገና አልገባም።
መዝገቡ አሁንም እኔ ዘንድ ነው፤
ገመዱ እሷ ዘንድ።