በእርሳስ የተጻፈ ቆጠራ

ጋሊሲያ። ዝናቡ እንግዳ አይደለም፥ ከቤተሰቡ አንዱ ነው፤
ላንዶይራ ሰርጥ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ነው የሚቀረው።
ከመርከብ መጠገኛው ግርጌ፥ የተፋቀ ቀለም በሚዘንብበት፥
በማንኪያ ጨለፍኩ ዝቃጩን፥ ቦት ጫማዬ በሚሰምጥበት።
ጥቁር ነው። ልስልስ ነው። ለጋ ቅቤ ይመስላል ሲዳስሱት፤
ክዳኑን ከፍተው እስኪያሸቱት።

ላቦራቶሪ ገብቼ አሥር ብርጭቆ አሰለፍኩ፤
አምስቱን በዚያ ጭቃ ሞላሁ፥
አምስቱን መርከብ ከማይቆምበት ደሴት በመጣ አሸዋ፤
በየአንዳንዱ ሃያ ሽሪምፕ ለቀቅሁ።
ከጥፍሬ አይበልጡም። ገላቸው መስታወት ነው፥
የበሉት እንኳ ከውጭ ይነበባል፤
ሐሰት መደበቂያ ኪስ የሌለው
እንዲህ ያለ ምስክር የት ይገኛል?

ደንቡ አሥር ቀን ይላል።
ምግብ የለም። መብራት አይጠፋም። አየር በቀጭን ቱቦ ይንቆረቆራል።
አንደኛው ቀን፤ ቆፍረው ገቡ፥ አፈር ቤታቸው ነውና።
ሁለተኛው ቀን፤ ጸጥታ። ደኅና።
በሦስተኛው ሌሊት ወጡ፤
ቤቱ እንደነደደበት ሰው ደጁ ላይ ቁጭ ብለው አፈጠጡ።
ተመልሰው አልገቡም።
አንዷ በአምስተኛው ቀን በጎኗ መዋኘት ጀመረች፥
እንቁላሏን እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ሆዷ ሥር ቋጥራ፤
በስድስተኛው በወረንጦ አነሣኋት፥ ከነአደራ።

አሸዋው ጋም አራት ሞቱ።
የነሱ ሰበብ አይመረመርም፤
ደንቡ ከመቶ እስከ አሥር ድረስ
ያለ ምክንያት መሞትን አይከለክልም።

አሥረኛው ቀን። ጭቃውን በወንፊት አጥቤ
ነፍስ ያላቸውን ለቀምኩ፥ አንዱን ሁለቴ እንዳልቆጥር ሰግቼ፥ አስቤ።
አሸዋው፤ ዘጠና ስድስት።
ጭቃው፤ ሠላሳ አንድ።
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤
የእኔ ዘንዶ አያፏጭም፥ ጅራት የለውም፥
ሦስትና አንድ ሆኖ ወረቀት ላይ ይተኛል።

እርጥብ እጅ ቀለም ያፈስሳል፤ ስለዚህ እዚህ ቤት መዝገብ የሚያዘው
በእርሳስ ነው።
እርሳስ የገደለውን ቆጥሬ በእርሳስ ጻፍኩት በተራው፤
ጫፉ ወረቀቱን ሲፍቅ አንድ ቃል ነው የሚያወራው፤
እርሳስ፥ ይለኛል። እርሳስ።
ምነው? ምን አለብህ? እርሳስ።

ዶክተር ሹርሾ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው፤
«መካከለኛ በለው፤» አለኝ፤ «መካከለኛ ነው የሚባለው።»
ክፉ ሰው አይደለም። ልጁ መጠገኛው ውስጥ ብረት ይበይዳል፤
ይህን ሳይነግረኝ ነገረኝ፥ ጣቱ ጠረጴዛውን ሲመታ።
ስድሳ ዘጠኝ ሬሳ ላይ አንድ ለስላሳ ቃል አለበስኩና
ወጣሁ፥ ማታ።

እናቴ ኦብዱሊያ ወገቧን በፎጣ አስራ
ባልዲዋን ታጥባለች።
አርባ ዓመት ዛጎል ለቅማለች፥ በዚያው ጭቃ፥ በዚያው ሥፍራ፤
ጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር ለሳሙና እምቢ ካለ ቆይቷል፤
የግራ እጇ ጣቶችም፥ እሷ ብርድ ነው ብትልም፥ መርፌ ሲወጋቸው አይሰማቸውም።

ቁጥሩን ነገርኳት።
የሞቱትን ትታ፥ «የተረፉትስ?» አለች።
«አልኮል ውስጥ ከተትኳቸው። ደንብ ነው።»
ፎጣውን ፈታች። ጨመቀች። ደግማ ጨመቀች።
«አሥር ቀን ነው ያልከኝ፥ ብራይስ? አሥር ቀን ነው ያልከኝ?
እኔስ እንግዲህ ስንተኛው ቀን ላይ ነኝ?»

መልስ አልጠበቀችም።
ቦት ጫማዋን በሩ ጋ አቆመችው፥ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙራ።
ነገ ባሕሩ የሚሸሸው
ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው።