የማይዘራ አራሽ

ረቡዕ ነው የማርሰው።
ትራክተሬን አስነስቼ፣ የዲስኩን ጥርስ አስነክሼ፣
የመኪና መሮጫውን፣ ክቡን ሜዳ ገልብጬ፣
ጓሉን ፈጭቼ፣ ደግሜ፣ ሰልሼ።
ዘር የለኝም በከረጢት።
ጎረቤቴ ኤልሮይ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከበቆሎው መሃል ቆሞ፣
"ቬርሊን፣ ዘንድሮስ ምን ዘራህ?" ይለኛል፤
ያው ቀልድ ነው፣ አምናም ካቻምናም፣ ደጋግሞ።
"አቧራ" እለዋለሁ።
በዚህ የአዮዋ አውራጃ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣
ከእኔ በቀር አርሶ የማይዘራ የለም።

ሐሙስ የውሃ ቀን ነው። ቦቴዬን ከወንዙ ሞልቼ፣
አንዴ ሳይሆን ሰባት ጊዜ፣ በኤሊ እርምጃ ተጎትቼ፣
አጠጣለሁ።
መሬት እንደ አራስ ልጅ ነው፥ ቶሎ ቶሎ ካጠጡት ያስመልሳል፤
ላዩ ጠግቦ ሲፈስ፣ ሆዱ ደርቆ ያድራል።
ላይ ላዩን ያለ ርጥበት ፊት ለፊት የተነገረ ሙገሳ ነው፤
የአንድ ሰዓት ንፋስ ይወስደዋል።
እኔ የምፈልገው የታችኛውን ነው።
ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ እሰዳለሁ። ከቀዘቀዘኝ፣ ዝም።
ከሞቀኝ፣ ተመልሼ ወደ ቦቴው።

ዓርብ መዳመጫው ይወጣል።
አብዝተው ቢጫኑት መስታወት ነው፥ ጎማ መያዣ ያጣል፤
ቢያሳንሱትም ይቦረቦራል።
አምና በግንቦት፣ አራተኛው መታጠፊያ ላይ ክንድ የሚውጥ ጉድጓድ ወጣ፤
የሮስኮ ቫንደርፕሉግ መኪና ሦስቴ ተገለበጠች።
እሱ በእግሩ ወጣ፤ የራስ ቁሩን አወለቀ፤
ከሺህ ሰው መሃል ዓይኑ እኔን ፈልጎ አገኘ።
ምንም አላለም። ወደ አምቡላንሱ ሄደ።
ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ እንቅልፍ የለኝም።

ሲደርቅ፣ "ውሃው የት ገባ?"
ሲርስ፣ "ረግረግ ነው ወይ ያረስከው?"
በመካከል ያለችዋን፣ ለሁሉ የምትስማማዋን፣
በሃያ ስድስት ዓመት አንድ አምስቴ ብነካት ነው።

ልጄ ዊላ ትነዳለች። ቁጥሯ አርባ ሰባት።
ዓርብ ማታ፣ ራት ላይ፣
"አባዬ፣ ርጥበቱ የት ነው? ከታች ነው ወይስ ከላይ?"
"ድንቹን አቀብዪኝ" አልኳት።
ለማንም የማልነግረውን ለልጄ ልነግር ነው?
ዝም አለች። ድንቹን ሰጠችኝ።
ዓይኗ ግን ከበሩ ሥር ነበር፣ ጫማዬን ካወለቅኩበት።

ቅዳሜ ከደቡብ ንፋስ መጣ፤
ሐሙሴን እንዳለ ጠጣ።
ዋናው ውድድር ሲደርስ፣ ሃያ አምስቱ ዙር፣
የውስጡ ጠርዝ ጠቁሮ፣ ቅባት እንደነካው ቆዳ ሲያበራ፣
መኪኖቹ ሁሉ በአንድ መስመር፣ ጭራ ለጭራ፣
ውሃ እንደሚወርዱ ከብቶች። ማን ማንን ይለፍ?
ከተመልካቹ አንዱ ስሜን ጠርቶ ሰደበኝ። እውነቱን ነው።

በአሥራ አንደኛው ዙር ዊላ ሰልፉን ተወችው።
ሦስተኛውን መታጠፊያ በአናቱ፣
ከግድግዳው ሥር፣ ሰው ባልረገጠው በኩል ያዘችው።
እዚያ አፈሩ ገና ቡናማ ነው።
አላየሁም፤ ሰማሁ እንጂ። ጎማ በደረቅ ላይ ይጮኻል፤
በርጥብ ላይ ያጉረመርማል፣ ሲበላ እንደቀረቡት ውሻ።
ጓል አጥሩን ደበደበው።
አንዱን አለፈች። ሁለት። ስድስት።
ዙር አለቀባት እንጂ...
ሁለተኛ ወጣች።

ማታ መኪናዋን ስናጥብ፣
"አልነገርኩሽም" አልኳት።
"ጫማህ ነገረኝ። ግራው ተረከዝህ ላይ ቡናማ ጭቃ ነበር፣ ርጥብ።
ቡናማው ያለው እዚያ አናት ላይ ብቻ ነው።
የሐሙስ ውሃ እስከ ዓርብ ራት ጫማ ላይ አይቆይም፣ አባዬ።
ስምንተኛ ቦቴ ነበረ?"

የውሃውን ቱቦ አነሳሁ። ጭቃው ብዙ ነበር።
ቦቴው ጥቂት ተርፎት ነበር፣ ጀምበርም አልጠለቀችም፤
መሪው ወደዚያ ዞረ። ማን እንዳዞረው
እስከ ዛሬ ራሴን አልጠየቅኩም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጫማዬን ቦቴው ውስጥ ትቼ
በካልሲ ነው ቤት የምገባ።