ትንፍሽ

ሻርጃ፣ ነሐሴ ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም፣
ወበቁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ሲጠመጠም፣
የሃንጋሩ በር ወለል ብሎም ነፋስ የሚባል የለም።

ሞተሩ የወረደ፣ ክንፉ የተፈታ
አሮጌ አውሮፕላን፤ የመጨረሻው ቦታ።
ጣራውን እከፍታለሁ። ጭምብሉን ወደ ጎን ብዬ
ከጀርባው የተሸሸገውን፣ ኮዳ የሚያህል ቆርቆሮ፣
አንድ በአንድ አወርዳለሁ።
ጊዜው አልፎበታል። በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ
ክሩን የሳበው የለም።

እሳት አመድ ይወልዳል ሲሉ ነበር ያደግኩት፤
ይህኛው ትንፋሽ ይወልዳል።
ክሩ ሲሳብ መርፌው ይመታል፣ ጨው መሳዩ ይነዳል፣
ሩብ ሰዓት ያህል ለሰው አየር ይሰጣል፣
ራሱ ግን እጅ የማያስነካ ፍም ሆኖ ይቀራል።

ሠላሳ አንደኛ ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል፣
የምግብ ጠረጴዛው ጀርባ በመርፌ ቁልፍ ተጭሮ፣
በእኛ ፊደል፦ «ዘቢባ። ሐምሌ ሃያ ሁለት። ኩዌት።»
ሌላ ቃል የለም።
ከራሷ በላይ የነበረውን በሁለት እጄ ይዤ ቆየሁ፤
የእሷ ሩብ ሰዓት። ሳትተነፍሰው የቀረችው።
እንኳንም ቀረ።

የመርፌውን አፍ የምትለጉም ቢጫ ቆብ አለች፣
ጥፍር ታክላለች።
መቶ አርባ ቆርቆሮ፤ ስልሳ ሁለት ቆብ።
«ቀሪው በሳምንት ይመጣል» አለ ቢጁ፣ ላቡን እየጠረገ።
ናዲም ግን አልጠበቀም፤ ካርቶኑን በፕላስተር አሸገ፣
«ባዶ» ብሎ ጻፈበት። «ጎህ ሲቀድ ይጫናል፣
የመንገደኛ አውሮፕላን ነው፣ ቦታ ተይዞለታል።
ፈርም። ትንፍሽ እንዳትል።»

ትንፍሽ እንዳትል!
ሰባ ስምንት ትንፋሽ ካርቶን ውስጥ ታፍኖ፣
ከተኛ ሰው እግር ሥር ከሻንጣ ጋር ሆኖ፣
አንዱ ቢንገጫገጭ፣ አንዱ መርፌ ቢስት...
ሌላ እሳት ሲታፈን ይሞታል፤
ይህኛው ስንቁን ይዞ ነው የሚሄድ።

ቢጁ ወለሉን ያያል። ፓስፖርቱ የናዲም መሳቢያ ውስጥ ነው።
የእኔም እዚያው ነው።
ብዕሩን ተቀበልኩ። «ባዶ»ን ሰርዤ
«ሙሉ ነው» ብዬ ጻፍኩ፤ ኦክስጅን፣ እሳት፤
በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛ፣ ደግሞም፣
ለማን እንደሆነ እንጃ፣ በእኛ ፊደል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ እፈለጋለሁ፤
ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ።
አሁን ደጅ ቆሜአለሁ። አስፋልቱ ገና ይፋጃል።
በባሕሩ በኩል አንድ አውሮፕላን ብልጭ ድርግም እያለ ይወጣል፤
ውስጡ አፉን ከፍቶ የተኛ ሰው አይጠፋም።

እኔም እተነፍሳለሁ።