መሐል የሚቆመው

ሚያዝያ ነው፤ ከኤሪ ሐይቅ ዳር በረዶው ገና አልለቀቀም፤
እኛ ያለንበት ምድር ቤት፣ ሰዓት እንጂ መስኮት የለም።
ግድግዳው ሙሉ ስም ነው፣ በማግኔት የተለጠፈ፣
ከፍ ያለ፣ ዝቅ ያለ፣ ከነጭራሹም የተገፈፈ።
ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ግድግዳ ሥር አረጀሁ፤
ጥርስ ማየት ሲቀረኝ፣ የስንቱን ጎረምሳ ክንድ ለካሁ፣
የመዳፉን ስፋት፣
የአርባ ያርድ ሩጫውን፣ በቁራሽ ሰዓት።

ዘንድሮ ሎዌል ፕሪቸት መጣ፣ አዲሱ የመከላከል አለቃ፤
"አራት ሰው ከፊት መደርደር አበቃ!
ሦስት ይበቃል፤ ሌላው ከኋላ ቆሞ ይንቃ" አለ፤
ሰሌዳው ላይ ሦስት ክብ ሳለ፤
የመሐሉን ደጋግሞ ሲያደምቀው ጠመኔው ተሰበረ።
"ይህን አምጡልኝ።" ሌላ ቃል አልጨመረ።

ያ የመሐሉ ክብ፣ ለማያውቀው፣
ሁለት ሰው ተጭኖት የማይወድቅ ሰው ነው።
ሞላላዋን ኳስ ታቅፎ የሚሮጠውን እሱ አይጥልም፤
የሚጥለው ከኋላው ያለው ነው፤ ጭብጨባውም የሱ አይደለም።
"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይባላል፤
አንበሳው የተኛባትን ድር በስሟ ማን ይጠራታል?

ሰሚሲ ሃፎካን ያየሁት ጥቅምት ላይ ነው፣ ነብራስካ፣
በቆሎ የታጨደበት ሜዳ ጥግ፣ ተመልካቹ መቶ እንኳ
በማይሞላበት ኮሌጅ።
መዝገቡ ላይ ከስሙ ፊት ለፊት ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ።
እኔ ግን አርባ አንድ ግፊያ ቆጠርኩ፤ ሁለቴ ብቻ ነው እግሩ
ከተተከለበት የተነቀለ።
ከጨዋታው በኋላ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ፣
"ስታጎነብስ ምን ታያለህ?" አልኩት።
"ሣር" አለኝ።
"ከሣሩ ወዲያስ?"
ትንሽ አሰበና፣ "የሰው ጉልበት" ብሎ መለሰልኝ።
የትኛውን ጉልበት እንደሆነ አልጠየቅሁም።
አባቱ ሶልት ሌክ ከተማ የቤት መሠረት ሞልቶ አዳሪ ነው፤
በቤት ምረቃ ቀን ስሙን ያነሳ ሰው የለም።

ሦስተኛው ዙር። አምስት ደቂቃ።
ማርጎ ዴልቬኪዮ፣ የቁጥር ክፍሏ ኃላፊ፣ መነጽሯን አወለቀች፤
"ፍሎሪዳ ያ ነፋስ የመሰለ ልጅ አለ እኮ" አለች፤
"እቅድ ልብስ ነው፤ አሰልጣኝ ሲሄድ አብሮ ይወልቃል፤
ፍጥነት ግን ገላ ነው፤ የትም ያገለግላል።"
"ልብሱ ተሰፍቶ ገላ ጠፍቶ እስከ መቼ?" አልኳት፤
አንዲት ደቂቃ ስትቀር ጠረጴዛዋን መታኋት።
ስሙን ላክን። ፕሪቸት ጠመኔውን ሳመ።

አንድ መከር። አንድ መከር ሙሉ መሐሉ ታተመ።
ከኋላው የሚሮጠው ካርሊን ቦዴት ሽልማት ወሰደ፤
እናቱን አመሰገነ፣ ጫማ ሰሪውን አመሰገነ፣ ወረደ።
ሰሚሲ ሦስተኛ ረድፍ ላይ፣ የጠበበ ሱፍ ለብሶ፣
በተሰበረ ጣቱ ያጨበጭባል፣ ሰው ሁሉ ሲያበቃ፣ አጎንብሶ።

በሁለተኛው ጥር ፕሪቸት ተባረረ።
አዲሱ ሰውዬ መጣ፤ ሰሌዳው ላይ አራት መስመር አሰመረ፤
ቀጫጭን፣ ፈጣን፣ አንዱም መሐል የሌለው።
ቁልፉን በልኩ አስቀርጬ ነበር፤ በሩ ነው የተነቀለው።

ለሰሚሲ ደወልኩ። ከአባቱ ጋር ነበር፤ የሲሚንቶው ማቡኪያ ይጮኻል።
"አዲሱ አለቃ…" ብዬ ጀመርኩ።
"እሺ" አለኝ። ዝም አለ። ማቡኪያው ይዞራል።
"እሺ። ታዲያ የት ልቁም?"

ማርጎ "ብዬህ ነበር" አላለችም።
ስሙን ከግድግዳው ነቅላ መዳፌ ላይ አኖረችው፤
ኪሴ ስከተው፣ ከቤቴ ቁልፎች ቀለበት ጋር
ቀጭ ብሎ ተጣበቀ።
ማታ ደጄ ላይ ቆሜ፣ በጨለማ፣
ላላቅቀው ታገልኩ።