ሰባት ቤት

ጋሽ አዛናው ማለት ዘር ቆጣሪ ናቸው፤
በደንቢያ ሠርግ ሁሉ ሰባት ቤት በቃላቸው፤
«ተዉ፣ ሥጋ ናችሁ» ብለው ስንት ጥሎሽ አስመለሱ!
ዛሬ ለሌላ ቆጠራ በማለዳ ተነሡ፣
ጎንደር ሆስፒታል፣ ከምድር ቤቷ ክፍል ደረሱ።

ትጓደድ እርሳስ ይዛ ወረቀት ዘርግታለች፤
ለወንዱ ሳጥን፣ ለሴቷ ክብ ትሥላለች፤
በአንጀት በጨጓራ የሄደውን ታጠቁረዋለች።

«አባትዎ?»
          «ቁርጠት።»
«አያትዎስ?»
          «ሆዱን ይዞ። መተት ነው ተባለ በአገር።»
«የአጎትዎ ልጅ፣ ጎባው?»
          «ባርባ ዓመቱ። ደም ያስቀምጠው ነበር።»

እርሳሱ ዶለዶመ። ቀረጸችው።
«እኅትዎስ፣ ጠጂቱ?»
ጋሽ አዛናው ዝም።
ስንት ዓመት «በወሊድ» ሲሉ ኖረዋል የሷን ሞት፣
«ዘር አለባቸው» ተብለው ልጆቿ እንዳይቀሩ ከትዳር ቤት፤
ሆድ ይፍጀው ያሉትን፣
ለካ ሆዷን ነበር የፈጀው፣ የውስጥ እሳት።

ባርኔጣቸውን አወለቁ።
«እሷንም አጥቁሪያት።»

ክንዳቸውን ሰጡ፤ ደሙ ሲቀዳ አላዩትም።
«ቁም ጸሐፊ አንድ ፊደል ከሳተ፣
ከሱ የሚገለብጠውም ያንኑ ይስታል» አለቻቸው፤
«ያችን ፊደል ነው የምንፈልጋት፤
ከተገኘች ልጆቹን ቀድመን እናያቸዋለን፣ ሳያማቸው።»

በሩ ላይ ዞር አሉ።
ከወረቀቱ ግርጌ፣ ከሳቸው ሳጥን ሥር፣
አንዲት ክብ ባዶዋን፤ ልጃቸው እንጉዳይ ናት።
«ያቺስ?»
          «እሷ ገና ናት።»
«ገና» አሉ፤ ቃሏን እንደ መልስ ሳንቲም ኪሳቸው ከተቷት።

ውጭ ረዳቱ «አዘዞ! አዘዞ!» ይላል፤
አልተሳፈሩም። ስልካቸውን አወጡት።