እርባታ

የደሴቱ ትምህርት ቤት አራት ልጅ ሲቀረው
በሩ ላይ ቁልፍ ዞረ፤ ደወሉን ሙዚየም ወሰደው።
ከዚያ ወዲህ መምህሩ እኔ፣ ክፍሉም የእኛው ጓዳ፣
የማቀዝቀዣው በር ሰሌዳ፤
ተማሪው አንድ፦ ኡኩ፤ ዘጠኝ ነው ዓመቱ፣
ሲጽፍ ምላሱ በግራ የምትወጣ፣ ቁርጥ እንደ አባቱ።

ጠዋት በግ እናረባለን፤ አሥራ አንድ እናት፣ አንድ አውራ፤
ከቁርስ በኋላ ስም እናረባለን፣ በየተራ።
«ሁለቱም አንድ ነው» ይላል፣ «ካላበሉት አይረባም፤
ልዩነቱ፣ ስም ጫማ ላይ አይጸዳዳም።»

ሰኞ ሕግ አወጣሁ፦ «ቆንጆ» ብሎ የጻፈ ሰው
ቅጣቱ አንድ አዝራር ነው፣ ማሰሮ ውስጥ የሚጥለው።
ቆንጆ ፀሐይ፣ ቆንጆ ሾርባ፣ ቆንጆ ጭቃ፣
ቆንጆ የኤልማር ውሻ፣ ቆንጆ ዓሣ፣ ቆንጆ ዕቃ!
ከሸሚዙ እየቆረጠ ከፈለ፤
ሐሙስ ዕለት ደረቱ ላይ ሸሚዙ አልገጥምም አለ።
ያኔ ብርዱ ሲገባው ቃል ፍለጋ ወጣ፤
አጥር ዘሎ ኤልማር ዘንድ ሄደ፣ ሰባት ይዞ መጣ።

ኤልማር ስልሳ ዓመት መረብ ጥሏል፤ ዛሬ መረቡ የዶሮ አጥር ነው፣
ለበረዶ ሁሉ ግን ስም አለው።
ውሻ ተሸክሞ ሰው የሚከዳ፣ ስም አለው፤
ሌሊት እንደ ላም የሚያቃስት፣ ስም አለው፤
ከሥሩ ውኃው ሸሽቶት ባዶ ላይ የተንጠለጠለ፣
በመጋቢት ከዳር ከዳር የሟሟ፣ ስኳር የመሰለ።
ኡኩ ሰባቱን ጻፈ። «ስምንተኛውስ?» ቢለው፣
«እሱን ያየ ሰው አልተመለሰም፤ ስሙን ማን ይንገረው?»

አባቱ ባሕር ማዶ ነው፤ ቱርኩ፣ መርከብ ይበይዳል።
እሑድ እሑድ በስልክ «እመጣለሁ» ይላል።
ኢስቶኒያኛችን ለነገ የብቻው ግስ አልሰፋለትም፤
ነገም የሚለብሰው የዛሬን ነው፣ ልኩ ግን አይደለም።
«እማ፣ ‹እመጣለሁ› አሁን ነው፣ ወይስ ቆይቶ?»
«ከግሱ አይለይም፤ ተውሳከ ግስ ይፈልጋል» አልኩት፣
አንገቴ የድንች ልጣጭ ላይ ተደፍቶ።
«አባቴ ረስቶታል።»
«ምኑን?»
«ተውሳከ ግሱን።»

ዓርብ ዕለት አሥራ አራቱን እርባታ አስጻፍኩት በተራ።
በግ ነበር የእኔ ምርጫ፤ እሱ «ኢሳ» አለ፤ አባት። ጀመረ ሳይፈራ፦
የአባት፣ አባትን፣ ወደ አባት፣ ከአባት፣
እርሳሱ ሮጠ፤ እስከ አባት፣ እንደ አባት፤
አሥራ ሦስተኛዋ ላይ ቆመ።
ኢሳታ። ያለ አባት።
«ይህችን ልዝለላት?»
«ሰዋስው አይዘለልም» አልኩት።
(ምን ዓይነት አፍ ነው፣ እንዲህ የሚል?)
ጻፋት። ፊደሏን አሳንሶ ከመስመሩ በታች ደበቃት።
ከዚያ የመጨረሻዋ፦ ኢሳጋ። ከአባት ጋር።
«ለምንድን ነው እሷ ከ‹ያለ› በኋላ የመጣችው?»
እንጃ።
ይህን ሁሉ ዓመት ሳነብ ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ግማሽ ገጽ ድርሰት፣ ርእሱ «ቤታችን»፦
የአባቴ ቦት ጫማ በሩ ሥር ነው። ሸረሪት ገብታበታለች።
በረዶው ዛሬ ውሻ ይሸከማል
እናቴ ቀይ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ድንች ትልጣለች።
ነገ እኔናእናቴ በጎቹን እናበላለን።

አንድ ቦታ ነጥብ ጎድሏል። ሁለት ሰው
ያለ ክፍተት ተጣብቋል።
በቀይ መስመር ልለያቸው እስክሪብቶውን አነሣሁ፣
ጆሮዬ ላይ መልሼ ሰካሁ።
ዳግመኛ አነበብኩት። «ቆንጆ ነው» የሚል ከአፌ አመለጠኝ።
ቃል አልተነፈሰም፤
ማሰሮውን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገልኝ።