ለማን ነው ሳጥኑ

ሳሙና በር ላይ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
ጋሼ ባያብል ቤት ጎንበስ ብዬ ስገባ፣
የመጀመሪያ ቃሉ፣ ሰላምታም ሳይቀድመው፦
«ቁመቱን ንገረኝ፣ ሟቹ ስንት ክንድ ነው?»

አልፈርድበትም።
«ሳጥን» ብሎ ገብቶ የሳቀ ሰው የለም እዚህ ቤት፤
ግድግዳው ክዳን ነው፣ ጥግ ጥጉ ጥቁር ከፋይ።

«የሞተ የለም» አልኩት፤ «ለድምፅ ማደሪያ ነው።
ፊታቸው ቀዳዳ፣ ጀርባቸው ሽቦ የሆነ ሞጁሎች አሉኝ፤
አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ያፍነዋል፣ አንዱ ምት ይቆጥራል፤
በገመድ ሲያያዙ ሲንተሳይዘር ይባላል።»
«ክራር ነው?»
«አይደለም።»
«ራዲዮ?»
«ወደዚያ ይጠጋል።»
«ታዲያ በላሜራ አታሠራውም? ቶሎ ያልቃል፣ ይረክሳል።»

ከትከሻዬ ጣውላውን አወረድኩለት።
ዋንዛ። አሮጌ። ዝም አለ።
በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር አድርጎ አሸተተ።

የአባቴ ካሴት ቤት ባንኮኒ ነው፣ ፒያሳ የነበረው፤
ጠርዙን የደንበኛ ክርን ሃያ ዓመት የበላው፣
የለስላሳ ጠርሙስ ክብ ክብ ያተመው።
አንድ ጥግ ላይ በአባቴ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
«ጥጋቡ፦ ሁለት ካሴት፣ ዱቤ» ይላል።
እዚህ ጋ መላጊያ እንዳይደርስ፣ ጋሼ፣ አደራ።

መነጽሩን ጠረገና አነበበ።
«ጥጋቡ ሹፌሩ? አውቀዋለሁ።
ትከሻው ሰፊ ነበር፤ ሁለት ጣት ጨምሬለታለሁ።»

ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ፣ ግማሹ ጭቅጭቅ፤
እኔ በሚሊ፣ እሱ በጣት።
«ኧረ ልጄ፣ ሬሳ ግማሽ ሚሊ ጠበበኝ ብሎ አይከስም!»
«ይሄ ይከሳል፣ ጋሼ። ብሎኑ እምቢ ይላል።»
ስኳድራውን ገልብጦ ደግሞ ለካ።
ጎኖቹን ሲገጥም ራስጌው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀኝ፤
መልስ አልነበረኝም፣
ዱቤው ያለበትን ጠቆምኩት።

ሐዲዱን አዘዞ ወርደን ከመስኮት አሉሚኒየም ቁራጭ አስቆረጥን።
ባለ ሦስት ሚሊ ብሎን ግን ከተማው ውስጥ ጠፋ፤
ኮምፒውተር ጠጋኟ ዘቢደር ሠላሳ ሁለት ቆጥራ ሰጠችኝ፣
በደብተሯም ጻፈችኝ፣
ዱቤ።

ኮላው በደረቀ ማታ መብራት ሄደ።
በሞባይል ብርሃን አንድ በአንድ አስገባናቸው፣
ካቻቢቴው እየተንሸራተተ፣ ጣቴ እየደማ፤
አራት ጣት ስፋት ባዶ ቀረ።
«ይሄኛውስ የማን ነው?»
«ገና ያልገዛሁት።»
«ሠላሳ ዓመት ሠራሁ» አለ፣
«ገና የሚጠብቅ ሳጥን ሠርቼ አላውቅም።»
እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ባዶው ውስጥ ሻጥ አደረገው።

ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ማናችንም ምንም አልነካንም፤
ቀዩዋ አምፖል በራች፣
ውስጡ ከሸጎጥኳት ስፒከር፣ ከዋንዛው ሆድ፣
እንደ ንብ ቀፎ ያለ ወፍራም ድምፅ ተነሣ፣
እርሳሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።
ጋሼ ባያብል ጆሮውን አላስጠጋም፤
የሕፃን ትኩሳት እንደሚለካ ሰው
መዳፉን ጎኑ ላይ አሳረፈ፣
ቆየ።
«ክዳኑን መቼ ነው የምንመታው?»
«አይመታም፣ ማጠፊያ አለው።»

ሒሳብ ስጠይቀው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።
«ስማኝ፣ እዚህ ቤት ዋጋ የተከራከረኝ የለም፤
የጠራሁትን ከፍለው፣ ዓይናቸውን ጠርገው ይሄዳሉ።
እስቲ አንተ ተከራከረኝ።
ስድስት ሺህ።»
«ሁለት።»
ሳቀ።